አጃቢ የተባሉት፦ ስለ ዋልያስ ባንድ የመጀመሪያ ሸክላና ስለ ኃይሉ መርጊያ ካሴቶች

የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ እስከ ዛሬ የሚነገረው በዘፋኝ ስም ነው። ጥላሁን ገሠሠ፣ ብዙነሽ በቀለ፣ ማሕሙድ አሕመድ፣ ዓለማየሁ እሸቴ እያልን እንቆጥራለን። ከኋላቸው ቆሞ ትራምፔት የነፋውን፣ ከበሮ የመታውን ግን «አጃቢ» በምትል አንዲት ቃል ጠቅልለን እናልፈዋለን። በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለን የተማርነውም ከዚህ የራቀ አልነበረም። ስለዚህ በዚህ እትም ዘፋኝ ስለሌለበት ሙዚቃ ልንጽፍ ወደድን። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቀድሞ ሙዚቀኛ የመንግሥት ሰው ነበር። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ኦርኬስትራዎች፣ የሀገር ፍቅርም ቴአትር ተጫዋቹን ቀጥረው፣ መሣሪያ ሰጥተው ያስተዳድሩት ነበር። ሸክላ የማሳተም መብትም ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። በ1969 ዐምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሸክላ ነጋዴ ይህንን ክልከላ ጥሶ በራሱ ስም የዓለማየሁ እሸቴን ሸክላ አሳተመ። አሊ ታንጎ በሚል ስም የሚታወቀው አሊ አብደላ ካይፋም ተከተለ። በምሽት ክበቦች ደግሞ የግል ባንዶች ተነሡ፤ ዋልያስ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከእነዚሁ መካከል የወጣ ነው። ብዙ ዘፋኞችን አጅቧል፤ በአዲስ አበባ ሂልተን ሆቴልም ለረጅም ዘመን ተጫውቷል።

ኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በ1946 ሸዋ ውስጥ የተወለደ ነው። ገና በልጅነቱ ጦር ሠራዊት ሙዚቃ ክፍል ገባ፤ አኮርዲዮን ተማረ፤ ከዚያ ወደ ኦርጋን ዞረ። ከእርሱ ጋር ግርማ በየነ በፒያኖ፣ ሞገስ ሀብቴ በሳክስፎንና በዋሽንት፣ ዮሐንስ ተኮላ በትራምፔት፣ መላከ ገብሬ በባስ፣ ማሕሙድ አማን በጊታር፣ ተማረ ኃረጉ በከበሮ ነበሩ። እነዚህን ስሞች እዚህ ያሰፈርነው ሆነ ብለን ነው፤ ዜማቸውን የማያውቅ ጥቂት፣ ስማቸውን የሚያውቅ ግን ከዚያ ያነሰ ስለሆነ።

በ1977 ባንዱ «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ በካይፋ አማካይነት አወጣ። ሙላቱ አስታጥቄም በቫይብራፎን ገብቶበታል። በጠቅላላው በመሣሪያ ብቻ የተሠራ አልበም ነው፤ ይህ ደግሞ በአገራችን ብርቅ ነበር። እንደ «ሎሚ ተራ ተራ» ያለ ሕዝብ የሚያውቀው ዜማ አለበት፤ በዘፋኙ ቦታ የገባው ኦርጋኑ ነው። አድማጩ ግጥሙን በልቡ ይሞላዋል። ግርማ በየነ የደረሰው «ሙዚቃዊ ስልት» ግን ከሁሉ ይልቅብናል። ትራምፔቱና ሳክስፎኑ አንዲት አጭር ሐረግ አብረው ይጥላሉ፤ ባሱ ከሥር እየተመላለሰ ይይዛታል፤ ማንም ጎልቶ ልታይ አይልም።

ከባሕር ማዶም ተመሳሳይ ነገር እናገኛለን። አሜሪካ ሜምፊስ ውስጥ ዘፋኞችን ያጅቡ የነበሩት የቡከር ቲ ጓደኞች በ1962 «ግሪን ኦኒየንስ» የተባለ በኦርጋን የሚመራ ሙዚቃ አውጥተው በራሳቸው ስም ታወቁ። የዋልያስ ልጆች ዕድል ግን እንዲህ አልቀናም።

1977 ምን ዓመት እንደነበረ ለዚህ ካምፕ ሽማግሌዎች መንገር አያስፈልግም። ቀይ ሽብር ነው። በሰዓት እላፊ ምክንያት ወደ ምሽት ክበብ የገባ ሰው በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር፤ ባንዱም ሲጫወት ያድራል። የዘፈን ግጥም በሚመረመርበት ዘመን ኦርጋን የሚሰረዝ ቃል አልነበረውም። ይሁን እንጂ ገበያው ዘፋኝ ይፈልግ ነበር፤ ሸክላም በዚያው ሰሞን በካሴት እየተተካ ነበር። «ቼ በለው» በሁለቱ መካከል ወድቆ ቀረ።

በ1978 ኃይሉ ከዳህላክ ባንድ ጋር «ወደ ሐረር ጉዞ» የተባለ ካሴት ሠራ። እኛ ካለንበት ከኮድቡር ሐረር ሩቅ አይደለችም፤ በቶጎ ውጫሌ፣ በጅግጅጋ አድርጎ ነው መንገዱ። በዚያ ዓመት የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት በዚሁ መስመር ላይ ነበር። ካሴቱ ቃል የለውምና ስለዚያ የሚለው ነገር የለም።

በ1981 ዋልያስ ከማሕሙድ አሕመድ ጋር አሜሪካ ሄደ፤ አድማጩም አብዛኛው ስደተኛ ነበር። ከተጫዋቾቹ ከፊሉ እዚያው ቀሩ፤ ሌሎቹ ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ባንዱም ፈረሰ። ኃይሉ በ1985 ብቻውን፣ አኮርዲዮኑን ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎችና ከከበሮ መኪና ጋር አዋሕዶ አንድ ካሴት አወጣ። በኋላም በዋሽንግተን ታክሲ ነጂ ሆነ፤ ደንበኛ ሲጠብቅ ከመኪናው ዕቃ መጫኛ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር።

ያችን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ ገዝቶ በ2013 እንደገና አሳተማት። «ቼ በለው» በ2014፣ «ወደ ሐረር ጉዞ» በ2016 ተከተሉ። ግርማ በየነ በ2017፣ ኃይሉ በ2018 አዲስ አልበም አወጡ፤ የኃይሉ «ላላ በሉ» ይባላል። ይህን ሁሉ ያስገኘው መዝገብ ቤት ወይም ሚኒስቴር አይደለም፤ ካሴት ሳይጥል ያቆየ ባለሱቅ ነው። የምንኖርባት ከተማም ይህን ታውቃለች። በ1988 የዚያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን ከአየር ሲደበድብ የሬድዮ ሐርጌሳ ካሴቶች ከጥፋት የተረፉት መሬት ውስጥ ስለተቀበሩ ነው። ዛሬ በከተማው የባህል ማዕከል ከ10,000 በላይ ካሴቶች ይገኛሉ፤ በዚያ በኩል ያለፈ ሰው ገብቶ ቢያይ አይጸጸትም።

በጓዛችሁ ውስጥ የቆየ ካሴት ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ሌላ ነገር ሳትቀዱበት የሽፋኑን ጀርባ ተመልከቱልን። የተጫዋቾቹ ስም ካለ በወረቀት ገልብጣችሁ ላኩልን፤ ከሌለም ዜማውን የሚያውቅ አረጋዊ ጠይቁልን። የደረሰንን በሚቀጥለው እትም እንጽፈዋለን።