ውሮን በጥጥ ያጠቡ እጆች

ልጅ ሳለሁ ክረምቱን የማሳልፈው ቢቸና አያቴ ዘንድ ነበር። አንድ ዓመት የቤቱ ድመት መርዝ የቀመሰ አይጥ በልታ ሞተች። ከጤፉ ጎተራ ሥር ዓይናቸውን ያልገለጡ ሦስት ግልገሎች ቀሩ። ሁለቱ በማግስቱ ሞቱ። ሦስተኛዋን አያቴ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው ምድጃ ዳር አኖሯት።

ወተት ይዤ ስሮጥ ቆጣ አሉ። «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ ትሙቅ። ሳትሞቅ አንጀቷ አይቀበለውም።» ከዚያ ጥጥ ለብ ባለ የላም ወተት እየነከሩ አጠቧት። ስትጠግብ ሆዷን በእርጥብ ጨርቅ ያሹላታል፤ ካልታሸች አትሸናም።

የእንስሳት ሐኪሞችም የሚሉት ይህንኑ ነው። አዲስ የተወለደ ግልገል የገዛ ሙቀቱን መጠበቅ አይችልም፤ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ ይመገባል፤ የሚመገበውም በሆዱ ተኝቶ ነው። (ሞጣ ያለችው አክስቴ አንዷን እንደ ሕፃን አንጋላ በስሪንጅ ስትግታት ወተቱ ሳንባዋ ገብቶ ሞታባታለች።) አያቴ የሳቱት ወተቱን ብቻ ነው፤ የላም ወተት ፕሮቲኑ ከድመት ወተት ግማሽ አይሞላም። ቢሆንም ውሮ ኖረች።

እንግዲህ ወደ ታሪክ እንምጣ። ስለ ድመት የሚነገረን ራሷን በራሷ ያላመደች እንስሳ መሆኗ ነው፦ ሰው እህል አከማቸ፣ አይጥ መጣ፣ ድመት ተከተለች፣ አለቀ። እኔ ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ የአያቴን ጥጥ አጣዋለሁ።

በላይኛው ግብፅ፣ ሃይራኮንፖሊስ በሚባል ጥንታዊ መቃብር፣ ከ5,600 ዓመት በላይ የሆነው ጉድጓድ ተቆፍሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴትና አራት ግልገል ድመቶች ተገኙበት። ግልገሎቹ ሁለት ጊዜ የተወለዱ ናቸው፤ የዕድሜያቸው ልዩነት ግን በጣም ትንሽ ስለሆነ ሁሉም የዚያች ሴት ልጆች ሊሆኑ አይችሉም። ስለዚህ ቢያንስ አንዳንዶቹ የሌላ እናት ልጆች ናቸው። ከየት መጡ? ሰው አምጥቷቸው ይሆናል፤ ዓይናቸው ተገልጦ ይሁን ሳይገለጥ አጥንት አይናገርም። እዚያው ሌላ ጉድጓድ ውስጥ ደግሞ አጥንቷ ተሰብሮ የዳነ የዱር ድመት ተቀብራለች። የተሰበረ አጥንት እስኪጠግን ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያ ማን አበላት?

የእኛው ታሪክ ውስጥ ያለችው ድመት ዙላ ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን አፍርሶ ሲመለስ ወደ እንግሊዝ ተወሰደች፤ ስሟም ጦሩ ካረፈበት ወደብ ጋር አንድ ነው። ጎርደን ስቴብልስ እ.ኤ.አ. በ1874 ባሳተመው የድመቶች መጽሐፍ ሥዕሏን አወጣ። «አቢሲኒያን» የሚባለው ዝርያ ታሪክ ከእሷ ይጀመራል፤ የዘር ምርመራው ግን የዝርያውን መነሻ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ይጠቁማል።

በዚያው ጉዞ የሰባት ዓመቱ ልዑል ዓለማየሁም ተወስዷል። አባቱ አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ፣ እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ መንገድ ላይ ሞተውበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ እንግሊዝ አገር ሞተ። አፅሙ እስካሁን ዊንዘር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023ም ይመለስልን ሲባል ቤተ መንግሥቱ እንቢ አለ። ስለ ዙላ ማንም ጥያቄ ያቀረበ የለም።

ውሮ ደግሞ ካደገች በኋላ የያዘችውን አይጥ ሁሉ እያመጣች አያቴ እግር ሥር ትጥል ነበር። አያቴ ሁልጊዜ ይቆጧት ነበር።