ከኮተቤ እስከ ሰንዳፋ፤ ለኬሚስትሪ ማትሪክ የመዘጋጀት አጭር ታሪክ

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለኬሚስትሪ አገር አቀፍ ፈተና የሚዘጋጁበት መንገድ ከጊዜ ወደ ጊዜ እንዴት እንደ ተለወጠ ባጭሩ ማስረዳት ነው። ለዚህም የመረጥሁት ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደውን መንገድ ነው። ኮተቤ፣ ለገዳዲና ሰንዳፋ በተርታ የሚገኙት በዚሁ መንገድ ላይ ሲሆን፣ እኔም ተወልጄ ያደግሁት ሰንዳፋ ነው።

እንደሚታወቀው በጠላት ወረራ ዘመን ከተማረው ወጣት ብዙው አልቋል። ስለዚህ ከነፃነት በኋላ አገሪቱን ያስጨነቃት አንዱ ነገር የተማረ ሰው ማጣት ነበር። በ1935 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በኮተቤ ተከፈተ፤ ጥቂት ቆይቶም የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ተከተለ። በእነዚያ ዓመታት ተማሪው ይፈተን የነበረው የለንደንን ፈተና ነው። በኋላ የኢትዮጵያ ትምህርት ማጠናቀቂያ ፈተና ተተካ። ሆኖም ሕዝቡ ከለንደን የመጣውን ስም አልተወም፤ ፈተናው የራሳችን ከሆነ በኋላም «ማትሪክ» እንደ ተባለ ቀረ። በ1943 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ኮሌጁ፣ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ሲቋቋም የማትሪክ ውጤት የከፍተኛ ትምህርት በር ቁልፍ ሆነ።

የዚያን ዘመን ዝግጅት የነገሩኝ አጎቴ ናቸው። እሳቸው ከሰንዳፋ ወጥተው ኮተቤ ዘመድ ቤት ተጠግተው ተማሩ። አንዱን የኬሚስትሪ መጽሐፍ ለሦስት ጓደኛ ሆነው በኩራዝ ብርሃን በእጃቸው ይገለብጡ ነበር። በክፍል ፈተና ላይ «ቀመሩን ጻፍ፤ ምክንያቱን አስረዳ» ይባሉ እንደ ነበረ ያስታውሳሉ። በ1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነበሩና ከጓደኞቻቸው ጋር ዘመቱ። ሲመለሱ ያ የገለበጡት ደብተር በሣጥን ውስጥ ምስጥ በልቶት አገኙት። «ያን ጊዜ ያዘንሁት ለፈተናው ሳይሆን ለጽሕፈቴ ነው» አሉኝ።

በ1986 ዓ.ም. አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። ከዚያም በ1993 ዓ.ም. የ10ኛ ክፍል፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና መሰጠት ሲጀምር አሮጌው ማትሪክ ተሻረ። በ1997 ዓ.ም. ኬሚስትሪ በሳተላይት ቴሌቪዥን፣ ማለት በ«ፕላዝማ»፣ ይሰጥ ጀመር። ተማሪው ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀውን ሙከራ በዓይኑ አየ፤ ይሁን እንጂ በእጁ አልነካውም። መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ያልፋል፤ የፕላዝማውን መምህር «ይድገሙልኝ» ማለት አይቻልም።

በግንቦት 2008 ዓ.ም. ጥያቄው አስቀድሞ ስለ ወጣ የመግቢያው ፈተና ተሠርዞ እንደገና ተሰጠ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ገብተው እንዲፈተኑ ተደረገ። በዚያን ጊዜ ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909፣ ማለት 3.3 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ ቁጥር ብዙ ክርክር አስነሥቷል። እኔ ግን ጥያቄውን ወደ ቤቴ ልመልሰው።

ታናሽ ወንድሜ በሰንዳፋ ለዚሁ ፈተና ይዘጋጃል። የዝግጅቱ መሣሪያ የቀድሞ ዓመታት የፈተና ወረቀት፣ በቴሌግራም የሚመጣ ማጠቃለያና የቅዳሜ ቲቶሪያል ነው። ስለ ታይትሬሽን አንድ ጥያቄ ባቀርብለት ሳያመነታ «መልሱ ሐ ነው» አለኝ፤ ልክ ነበር። «ቡሬት ምን ይመስላል?» ብለው ግን ሣቀ፤ አይቶ አያውቅም። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ስማር አነስተኛ ቤተ ሙከራ ነበረን፤ ሊትመስ በአሲድ ሲቀላ አይቻለሁ። ስለዚህ ከወንድሜ መብለጤ የአእምሮ ብልጫ ነው ለማለት አልደፍርም።

የሚያሳዝነው፣ ከቤታችን ብዙ ሳይርቅ ለገዳዲ ላይ ኬሚስትሪ ሌትና ቀን ይሠራል። ወደ አዲስ አበባ የሚወርደው ውሃ ከግድቡ ሲመጣ ድፍርስ ነው። አሉሚኒየም ሰልፌት በውሃው ውስጥ የተንሳፈፈውን ደቃቅ አፈር አጣብቆ ያዘቅጠዋል፤ ክሎሪን ደግሞ ጀርሞችን ይገድላል። ወንድሜ የሁለቱንም ቀመር በቃሉ ያውቃል፤ በለገዳዲ በኩል በታክሲ ሲያልፍ ግን የሚያጠናው ትምህርት እዚያ መኖሩን የነገረው የለም።

በእርግጥ መልሱ የሚመረጥ ፈተና ጥቅም አለው። በመቶ ሺህ የሚቆጠር ተማሪ በአንድ ሚዛን ይመዘንበታል፤ የአራሚም አድልዎ አይገባበትም። ነገር ግን የማይጠየቅ ነገር አይጠናም፤ የማይጠና ነገርም ውሎ አድሮ አይሰጥም። ፈተናው ስሙን፣ ባለቤቱንና ቦታውን ብዙ ጊዜ ለውጧል። አጎቴ ግን ቢያንስ ምክንያቱን እንዲያስረዱ ይጠየቁ ነበር፤ ወንድሜ የሚጠየቀው ፊደሉን ብቻ ነው።

ስለዚህ ከውጤቱ ጥቂት እጅ እንኳ ለሙከራ ሥራ ቢያዝ ትምህርት ቤቶች የተዘጋውን ክፍል ለመክፈት ይገደዳሉ ብዬ አምናለሁ። ለመጀመሪያው ሙከራ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አንድ ብርጭቆ ድፍርስ ውሃና ቁንጥር አሉሚኒየም ሰልፌት ይበቃል። በመጪው ዕረፍት ከወንድሜ ጋር እሱኑ ልንሞክር ተቀጣጥረናል።