«ኮልያ»፦ የፕራጉ ሙዚቀኛና የሩሲያዊው ሕፃን ወዳጅነት

«ኮልያ» እ.ኤ.አ በ1996 ለዕይታ የበቃ፣ ሳቅንና ኀዘንን አዋሕዶ የያዘ የቼክ ሪፐብሊክ ፊልም ነው። ፊልሙ በዚያው ዓመት የቶኪዮ ዓለም አቀፍ የፊልም ፌስቲቫልን ታላቅ ሽልማት፣ በ1997 ደግሞ በአሜሪካ ከእንግሊዝኛ ውጭ በሆነ ቋንቋ ለተሠራ ፊልም የሚሰጠውን የጎልደን ግሎብና የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። የቀድሞዋ ቼኮዝሎቫኪያ በ1960ዎቹ በዚሁ የኦስካር ዘርፍ ሁለት ጊዜ ያሸነፈች ሲሆን፣ አገሪቱ በ1993 ለሁለት ከተከፈለች ወዲህ ቼክ ሪፐብሊክ በዘርፉ ለድል የበቃችው በዚህ ፊልም ነው።

ሥራው የአባትና የልጅ ውጤት ነው። የፊልሙን ጽሑፍ ከፓቬል ታውሲግ ሐሳብ ተነሥተው ያዘጋጁት፣ በዋና ገጸ ባሕርይነትም የተጫወቱት እ.ኤ.አ በ1936 የተወለዱት ደራሲና ተዋናይ ዝዴኔክ ስቬራክ ናቸው። ዳይሬክተሩ ደግሞ የእርሳቸው ልጅ ያን ስቬራክ ነው። ሁለቱ ቀደም ሲል በ1991 ለዕይታ በበቃውና ለኦስካር በታጨው «የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት» በተሰኘው ፊልም አብረው ሠርተዋል። ትውልድ ከትውልድ የሚገናኝበት ታሪክ በአባትና በልጅ ትብብር መሠራቱ ለፊልሙ የተለየ ሙቀት ሳይሰጠው አልቀረም።

ታሪኩ የሚጀምረው በ1988 በፕራግ ከተማ ነው። ፍራንቲሼክ ሎውካ ዕድሜው 55 የደረሰ፣ ያላገባ፣ ከሴት ወደ ሴት የሚል የሴሎ ተጫዋች ነው። በታዋቂው የቼክ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ውስጥ ይሠራ የነበረ ቢሆንም፣ ወንድሙ ወደ ምዕራብ በመኮብለሉ ጭምር በመንግሥት ዘንድ እምነት የማይጣልበት ሰው ሆኖ ከሥራው ተባርሯል። አሁን የሚተዳደረው አስከሬን በሚቃጠልበት አዳራሽ ለሟቾች መሸኛ በመጫወትና በመቃብር ድንጋይ ላይ የደበዘዙ ፊደላትን በወርቅ ቀለም በማደስ ነው። ዕዳው በዝቷል፤ የእናቱም ቤት ጥገና ይፈልጋል።

በዚህ መካከል መቃብር ቆፋሪ ወዳጁ አንድ ሐሳብ ያቀርብለታል። የቼኮዝሎቫኪያ ዜግነት ማግኘት ከምትፈልግ ናዴዥዳ ከምትባል ሩሲያዊት ጋር ለይስሙላ እንዲጋባና በምላሹ ገንዘብ እንዲቀበል ነው። ሎውካ ቢያንገራግርም በመጨረሻ ይስማማል፤ በገንዘቡም የሚመኛትን አሮጌ ትራባንት መኪና ይገዛል። ሴትየዋ ግን ወረቀቱን እንዳገኘች ወዳጇ ወዳለበት ወደ ምዕራብ ጀርመን ትሻገራለች። የ5 ዓመት ልጇ ኮልያ ከአክስቷ ዘንድ ይቀራል። ሕፃኑ አያቴ እያለ የሚጠራቸው እኚሁ አሮጊት ብዙም ሳይቆዩ በድንገት ታመው ይሞታሉ። በሕግ ፊት የእንጀራ አባት ወደሆነው ሰው ቤት ከነሻንጣው የሚመጣውም በዚህ ጊዜ ነው።

የፊልሙ ሳቅ በአብዛኛው የሚፈልቀው ከቋንቋ ነው። ሕፃኑ ቼክኛ አያውቅም፤ ሎውካ ሩሲያኛ የተማረው እንደ ሌላው የአገሩ ሰው ሁሉ በግዴታ በመሆኑ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው፣ ያንኑም በወዶ አይናገረውም። በበዓል ቀን ከመስኮቱ ላይ የቼኮዝሎቫኪያና የሶቪየት ባንዲራዎች በሚሰቀሉበት ጊዜ ሕፃኑ የእኛው «ክራስኒ» ነው ይላል። ቃሉ በሩሲያኛ «ቀይ» ማለት ሲሆን በቼክኛ ተመሳሳዩ ቃል «ውብ» ማለት ነው። የቀይ ባንዲራ ውበት እንዲሰበክለት የማይሻው ሎውካ በዚህ ይቆጣል። ነገሩ ከቀልድ ያለፈ ታሪክ አለው፤ በጥንቱ ሩሲያኛም ቃሉ «ውብ» ማለት ነበርና የሞስኮው ቀይ አደባባይ ስያሜ ከዚያ የመጣ ነው። በደርግ ዘመን ለትምህርት ወደ ፕራግና ወደ ሞስኮ የሄዱ ኢትዮጵያውያን ይህን ትዕይንት ያለ አስረጂ እንደሚረዱት አያጠራጥርም።

ሕፃኑ ወደዚያ ቤት ይዞት የገባው ጥያቄ ግን ከሳቁ የከበደ ነው። እ.ኤ.አ በነሐሴ 1968 በሶቪየት ኅብረት የተመሩ የዋርሶ ቃል ኪዳን ጦሮች ቼኮዝሎቫኪያን ወረዋል፤ የሶቪየት ወታደሮችም እስከ 1991 ድረስ በአገሪቱ ቆይተዋል። የሎውካ እናት ሩሲያውያንን በዓይናቸው ማየት አይፈልጉም። ልጃቸው ይዞት የመጣውን ሕፃን የትውልድ አገር መደበቁም ለዚህ ነው። አገሩን ከያዘው ኃይል ወገን የተወለደ፣ ነገር ግን ከሎውካ በቀር ማንም የሌለው ልጅ ምን ይደረግ? ፊልሙ ለዚህ መልስ የሚሆን ንግግር በማንም አፍ አያስገባም። ሎውካ ሾርባ ያበስላል፣ ጫማ ይገዛል፣ መንገድ ሲሻገሩ የልጁን እጅ ይይዛል። ኮልያ በምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ በጠፋ ጊዜ በድንጋጤ ሲፈልገው፣ በትኩሳትም በታመመ ጊዜ ሌሊቱን ሲያስታምመው፣ ተመልካቹ ለውጡን ከድርጊቱ ይረዳል።

ከሁሉ የሚልቀው ትዕይንት አጭር ነው። ኮልያ ገንዳ ውስጥ ተቀምጦ የሻወሩን መርጫ እንደ ስልክ ጆሮው ላይ ያደርግና ከሞቱት አያቱ ጋር ይነጋገራል፤ መጥተው እንዲወስዱትም ይለምናቸዋል። ሎውካ ይህን ሲሰማ የሚናገረው ነገር አያገኝም። የሞስኮው ሕፃን ተዋናይ አንድሬይ ሃሊሞን በዚህ ትዕይንት ያሳየው ችሎታ ልምድ ካላቸው ተዋንያን የሚያንስ አይደለም።

የፊልሙ ድክመት ወደ መጨረሻው ይታያል። የጸጥታ ሠራተኞች ስለ ሐሰተኛው ጋብቻ ሎውካን መመርመር ጀምረው፣ ልጁም ወደ ሕፃናት ማሳደጊያ ሊወሰድ በተቃረበበት ሰዓት ከኅዳር 17 ቀን 1989 በኋላ የተቀጣጠለው የቬልቬት አብዮት ይደርስና ችግሩን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይፈታዋል። ለድርሰት እጅግ የተመቸ አጋጣሚ ነው። ይሁንና አብዮቱ በእርግጥ በዚያ ፍጥነት የተከናወነ በመሆኑ ጸሐፊውን አጥብቆ መውቀስ አይቻልም። ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ቁልፉን በሚያንቃጭልበት ወቅት፣ ትናንት ሎውካን ሲመረምር የነበረው ሰው ከሕዝቡ መካከል ቆሞ የራሱን ቁልፍ ሲያንቃጭል መታየቱ ደግሞ ከፊልሙ ብልህ ቀልዶች አንዱ ነው።

ድንበሩ በመከፈቱ እናቱ ኮልያን ልትወስድ ትመጣለች። አብዮቱ ለሎውካ የሙዚቃ ሕይወቱን ሲመልስለት ልጁን ይወስድበታል። ሎውካ በድጋሚ በፊልሃርሞኒክ መካከል ተቀምጦ የስሜታናን «አገሬ» ይጫወታል፤ መሪውም ከ1948 ጀምሮ በስደት ኖረው በ1990 ወደ አገራቸው የተመለሱት ራፋኤል ኩቤሊክ ናቸው። የሎውካን ልጅ የፀነሰችው ዘማሪት ክላራም ከአድማጮቹ መካከል አለች። ኮልያ ግን በአውሮፕላን መስኮት ደመናውን እያየ፣ በአስከሬን ማቃጠያው አዳራሽ ሲዘመር ይሰማው የነበረውን፣ ድቮርዣክ በዜማ የደረሰውን የዳዊት መዝሙር በቼክኛ ለራሱ ያዜማል። መዝሙሩ በቼኮች መጽሐፍ 23ኛው፣ በእኛ ዳዊት ደግሞ 22ኛው ነው።