አንድ መዝገብ፣ ብዙ ጸሐፊ
የብዙ ፕሮሰሰር ኮምፒዩተር ታሪክ ከመርካቶ አንጻር

የመርካቶ ገበያ አሁን ያለበትን ቦታ የያዘው በኢጣሊያ ወረራ ዘመን፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ ገበያው በአራዳ ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ሲዛወር ነው። ከዚያ ወዲህ ነጋዴው በየሸቀጡ ተከፍሎ በበርበሬ ተራ፣ በሸራ ተራ፣ በቦምብ ተራና በምናለሽ ተራ ሲሠራ ኖሯል። ንግዱ በብዙ እጅ በአንድ ጊዜ የሚካሄድ ሲሆን፣ የባንክ ሒሳቡ ግን ለረዥም ዘመን ደንበኛው በተመዘገበበት ቅርንጫፍ በአንድ መዝገብ ላይ ብቻ ይጻፍ ነበር።

ይህ ሁኔታ ቀስ በቀስ ተለወጠ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2001 በአዲስ አበባ 8 የገንዘብ መክፈያ መሣሪያዎችን ተከለ፤ በግንቦት 2013 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌብር ሥራ ጀመረ። ከዚህም የተነሣ አንዱን ሒሳብ ከብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ መንካት ተቻለ።

ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። አንድ የቅመማ ቅመም ነጋዴ 10,000 ብር አለው እንበል። እርሱ ደሴ ላለው ደንበኛው 8,000 ብር በሚያስተላልፍበት ቅጽበት፣ ወኪሉ መርካቶ ላይ 8,000 ብር ያወጣል። ሁለት ፕሮሰሰሮች ያንኑ 10,000 እኩል ካነበቡ፣ ለሁለቱም ገንዘቡ በቂ ሆኖ ይታያቸዋል፤ ከ10,000 ብር ላይም 16,000 ብር ይወጣል። ፕሮግራሙ ሒሳቡን ይቆልፋል ቢባልም፣ ቁልፉ ራሱ በማኅደረ ትውስታ የተጻፈ ምልክት ስለሆነ፣ ፕሮሰሰሮቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት ካላዩት ፋይዳ የለውም።

ይህን ለመፍታት የተደረገው ጥረት ረዥም ታሪክ አለው። የባሮውዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1962 ለአሜሪካ ጦር ኃይል ያቀረበው ዲ825 የተባለው ኮምፒዩተር እስከ 4 ፕሮሰሰሮችን ከጋራ ማኅደረ ትውስታ ጋር ያገናኝ ነበር፤ ያገናኛቸውም እንደ ስልክ ማዞሪያ ጣቢያ ማንኛውንም ከማንኛውም ጋር በሚያጋጥም መቀያየሪያ ነው።

ከ35 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ሰን ማይክሮሲስተምስ ኢንተርፕራይዝ 10000 የተባለውን ታላቅ መሣሪያ ለገበያ አወጣ። ንድፉ የተጀመረው በክሬይ ሪሰርች ሲሆን፣ ሲሊከን ግራፊክስ ክሬይን እ.ኤ.አ. በ1996 ከገዛ በኋላ ክፍሉን ለሰን ሸጠው። በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ 16 ቦርዶች ይደረደራሉ፤ እያንዳንዱ ቦርድ እስከ 4 ፕሮሰሰርና እስከ 4 ጊጋባይት ማኅደረ ትውስታ ይይዛል። ድምሩም 64 ፕሮሰሰርና 64 ጊጋባይት ይሆናል። መሣሪያው ሥራ ላይ ሳለ አንዱን ቦርድ ነቅሎ መጠገን ይቻል ነበር።

እያንዳንዱ ፕሮሰሰር ከዋናው መዝገብ የገለበጠውን በአጠገቡ በሚገኝ ትንሽ ማስታወሻ ይይዛል። አንዱ ሲጽፍ የሌሎቹ ግልባጭ መሰረዝ አለበት። ስለሆነም መሐንዲሶቹ መንገዱን ለሁለት ከፈሉት፤ የአድራሻው ማስታወቂያ በ4 መሥመሮች ለሁሉም ይሰማል፣ መረጃው ግን በመቀያየሪያው በኩል በቀጥታ ለጠየቀው ብቻ ይደርሳል። በመርካቶም የዋጋው ጥሪ ለሁሉ ነው፤ ሸክሙ ግን በወዛደር ትከሻ ወደ ገዢው ብቻ ይሄዳል። ሸክሙ ሁሉ በየሱቁ ደጅ ቢዞር ኖሮ መንገዱ በተዘጋ ነበር።

አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ2001 በፓወር4 ሁለት ፕሮሰሰሮችን በአንድ ቺፕ ላይ አዋሐደ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ኤ.ኤም.ዲ. 64 የሚሆኑትን መዳፍ ላይ በሚያርፍ አንድ እሽግ ውስጥ አቀረበ። ቁም ሣጥኑን ይሞላ የነበረው ቁጥር እጅግ አነሰ፤ ጥያቄው ግን አልተለወጠም። ስለዚህ በመሣሪያ ግዢ ላይ ምክር የሚሰጥ ባለሙያ የፕሮሰሰሩን ብዛት ከመጠየቁ አስቀድሞ፣ ሁሉም በአንድ መዝገብ የሚስማሙት በምን መንገድ እንደሆነ ሊጠይቅ ይገባዋል። የቅመም ነጋዴው 10,000 ብር ተጠብቆ የሚያድረው በዚያ መንገድ ነውና።