የፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ የምርምር ጉዞ

ማኅበራችን አሥረኛ ዓመቱን በሚያከብርበት በዚህ ወቅት፣ በስደት ካደጉት ወገኖቻችን መካከል በሳይንስ ስማቸው ስለ ተጠራ አንዲት ምሁር ለውድ አንባብያን ጥቂት ማለት ተገቢ መስሎ ታይቶናል። (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ፕሮፌሰር ሶስና በ1966 አዲስ አበባ ተወለዱ። በአገራችን ልማድ ሶስና ጌታቸው ሊባሉ ሲገባ፣ እንደ ብዙዎቹ ልጆቻችን በባዕድ አገር መዝገብ የአያት ስም መጠሪያቸው ሆኖ ቀረ። አባታቸው እውቁ የግዕዝ ሊቅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 ወታደሮች መኖሪያ ቤታቸው ድረስ መጥተው በተኮሱባቸው ጥይት ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። ከሕክምና በኋላ ቤተሰቡ ሚኔሶታ ገባ፤ አባት የብራና መጻሕፍትን ሲመረምሩ ልጅ እዚያው አደጉ።

ሶስና በኤም.አይ.ቲ.ና በበርክሌይ ተምረው በ1992 ከኤም.አይ.ቲ. የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ። ከ1996 ጀምሮ በካልቴክ አስተምረው፣ የቁሳቁስ ሳይንስና የኬሚካል ምህንድስና ፕሮፌሰር ሆኑ። በ2015 ወደ ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ተዛወሩ።

የተመራመሩበት ዋና ጉዳይ ፊውል ሴል ነው። ይህ መሣሪያ ሃይድሮጅንንና ኦክሲጅንን ያለ እሳት አዋህዶ ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ የሚወጣውም ውኃ ብቻ ነው። በመካከሉ ፕሮቶን የሚያሳልፍ ስስ ግድግዳ አለ። የተለመደው ፕላስቲክ ግድግዳ እርጥበት ስለሚሻ ከ100 ዲግሪ በላይ አይሠራም። በዚህ ዝቅተኛ ሙቀት ደግሞ ውድ የሆነው ፕላቲነም አፋጣኝ ሆኖ ካልገባ ሥራው ያዘግማል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድም ፕላቲነሙን ይመርዘዋል።

ሶስና የመረጡት ጠጣር አሲድ የተባለውን፣ እንደ ጨው በውኃ የሚሟሟ ነገር ነው። ፊውል ሴል ራሱ ውኃ የሚያወጣ በመሆኑ ምርጫው የማይሆን ይመስል ነበር። ነገር ግን ከ100 ዲግሪ በላይ ውኃው እንፋሎት ስለሚሆን ግድግዳውን አያሟሟውም። በ2001 ከ150 እስከ 160 ዲግሪ የሚሠራ ሴል «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አቀረቡ። የመጀመሪያው ድኝ ያለበት ቅመም ሃይድሮጅን ሲነካው ስለ ተበላሸ፣ በ2004 ፎስፌት ባለበት ተተካ፤ ይህንንም በከፍተኛ ሙቀት እንዳይፈርስ የጠበቀው የውኃ እንፋሎት ነው። ጠላት የተባለው ውኃ ረዳት ሆነ ማለት ነው።

በ2010 ደግሞ ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር የተሰበሰበ የፀሐይ ሙቀትና ሴሪየም ኦክሳይድ በመጠቀም ከውኃ ሃይድሮጅን አወጡ። ወደ ነዳጅ የተለወጠው የፀሐይ ኃይል ከመቶ አንድ እንኳ አልሞላም፤ ሆኖም መንገዱ መኖሩ ታየ። በ2020 ከአሞኒያ በ250 ዲግሪ ንጹሕ ሃይድሮጅን የሚያወጣ ሴል ይፋ አደረጉ።

አባታቸው በ2021 ዐረፉ። አባት የጥንቱን ብራና፣ ልጅ የነገውን ነዳጅ መመርመራቸው ሲታይ፣ ያ ጥይት የቤቱን ትምህርት እንዳላስቆመ እንረዳለን። ልጆቻችንን ቅዳሜ ጠዋት ፊደል ስናስቆጥር፣ ማታም የሒሳብ ደብተራቸውን ስናይ ይህን ቤት እናስታውስ።