ከመቀነት ወደ ስፌት፦ የኪልት ልክ ታሪክ

የስኮትላንድ ወንዶች ብሔራዊ ልብስ የሆነው ኪልት ዛሬ እጅግ ጥንቃቄ የተመላበት ልኬት ከሚጠይቁት የወንድ ልብሶች አንዱ ነው። የሚያስገርመው ግን የዚሁ ልብስ አባት የሆነው ጥንታዊው ኪልት ልክ የሚባል ነገር የማያውቅ መሆኑ ነው። ልብሱ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሚሊ ሜትር ስሌት የደረሰበት ጉዞ ለቴክኒክ ባለሙያ የሚነግረው ቁም ነገር አለው። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የሰሜን ስኮትላንድ ደገኛ የሚለብሰው ታላቁ ኪልት ስፌት የሌለው ረጅም የሱፍ ጨርቅ ነበር። ባለቤቱ ጨርቁን እየሸነሸነ በወገቡ ላይ በቀበቶ ያስረዋል፤ የታችኛው ክፍል እስከ ጉልበት ይወርዳል፤ የላይኛው ደግሞ እንደ ጋቢ በትከሻ ላይ ይደረባል። ሌሊት ቀበቶው ሲፈታ ያው ልብስ ብርድ ልብስ ይሆናል። ሰውየው ቢከሳም ቢወፍርም ልኩን የሚወስነው የዕለቱ አስተሳሰር ስለ ነበረ፣ ልብስ ሰፊ አያስፈልግም ነበር።

በ18ኛው መቶ ዓመት የላይኛው ክፍል ቀርቶ የታችኛው ብቻ የሚለበስበት ትንሹ ኪልት ተስፋፋ። በ1785 ታትሞ በወጣ አንድ ደብዳቤ እንደ ተነገረው፣ ይህን የፈጠረው በ1720ዎቹ መጨረሻ በግሌንጋሪ የብረት ማቅለጫ ያቋቋመው እንግሊዛዊው ቶማስ ራውሊንሰን ነው፤ ረጅሙ ልብስ ለሠራተኞች እንቅፋት ሆኖ ስላገኘው አሳጠረው ይባላል። ትንሹ ኪልት ከእርሱ በፊት ነበረ የሚሉ ወገኖች ስላሉ ነገሩ እስከ ዛሬ ያከራክራል።

ከ1745ቱ ዐመፅ በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት በ1746 ባወጣው ሕግ ይህ የደገኞች ልብስ ለተራው ሰው ተከለከለ፤ ክልከላው የተነሣው በ1782 ነው። በመካከሉ ልብሱ በደገኞች ክፍለ ጦሮች ውስጥ ኖረ። በ1790ዎቹ ሽንሽኑ በክር የተሰፋ ኪልት ታየ። የዘመናዊው ኪልት የልክ ችግር የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ምክንያቱም ሽንሽኑ በክር ሲጸና ስሕተቱም አብሮ ጸና።

ገንዘብ ብቻውን ልክ እንደማያመጣ በ1822 ታየ። ንጉሥ ጊዮርጊስ አራተኛ ዋልተር ስኮት ባዘጋጀው ሥነ ሥርዓት ኤዲንብራን ሲጎበኙ፣ ለደገኛ ልብሳቸውና ለጌጡ ከ1,350 ፓውንድ በላይ ወጣ። ይሁን እንጂ ኪልታቸው እጅግ አጥሮ ስለ ነበር፣ ከሥሩ የለበሱት የሥጋ መልክ ያለው ጥብቅ ሱሪ ለካርቱን ሠዓሊዎች መሣለቂያ ሆነ። ዴቪድ ዊልኪ በኋላ የንጉሡን ምስል ሲሥል ያን ሱሪ በዘዴ አስቀርቶታል።

በመጀመሪያዎቹ ስፍ ኪልቶች 3.5 ሜትር ያህል ይበቃ የነበረው ጨርቅ በጊዜ ብዛት ወደ 7 ሜትር ስላደገ ሽንሽኑም በዛ። ለምሳሌ በስተኋላ 27 ሽንሽን ያለውን ኪልት እንውሰድ። በዳሌ ላይ የእያንዳንዱ ስፋት 2 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ጀርባው 54 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ወገብ ላይ ግን 43 ያህል እንዲሆን ከተፈለገ እያንዳንዱ ሽንሽን ወደ 1.6 መጥበብ አለበት። ሰፊው በእያንዳንዱ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሳሳት፣ ስሕተቱ ተደምሮ 2.7 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። በጎን ያሉት ጠፍሮችና ዘለበቶች ጥቂቱን ብቻ ያስተካክላሉ።

ርዝመቱ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። የኪልት የታችኛው ጠርዝ የጨርቁ የራሱ ዳር እንጂ ታጥፎ የተሰፋ ስላልሆነ፣ ልብሱ ካለቀ በኋላ ከታች ማሳጠርም ማስረዘምም አይቻልም። ስለሆነም ሦስቱ ልኮች፣ ማለትም ወገብ፣ ዳሌና ርዝመት፣ መቀስ ጨርቁን ከመንካቱ በፊት ሊረጋገጡ ይገባል። ወገብ የሚለካው ሱሪ ከሚታጠቅበት ሳይሆን ከዚያ ከፍ ብሎ በእምብርት አካባቢ ነው፤ ታችኛው ጠርዝ በጉልበት ሎሚ መካከል ይውላል። ለባሹ ሲንበረከክ ጠርዙ ወለሉን ለጥቂት ካልነካ ልኩ ደርሷል ማለት ነው። በሱሪው ቁጥር ተማምኖ ያዘዘ ሰው ግን፣ ብዙ ገንዘብና የብዙ ቀን የእጅ ሥራ የፈሰሰበት ልብስ ከደጁ ሲደርስ አልሆን ይለዋል።

ከ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህ ከጥጥ፣ ከጂንስና ከቆዳ የሚሠሩ አዳዲስ ኪልቶች ወጥተዋል፤ በ2000 በአሜሪካ በሲያትል ከተማ የተቋቋመው ዩቲሊኪልትስ ከታወቁት ሠሪዎች አንዱ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ እንደ ሱሪ ዝቅ ብለው ዳሌ ላይ ስለሚውሉ፣ የአንዱ ልክ ለሌላው አይሠራም። አንዳንዶቹ ወገባቸውን የሚያሰፉና የሚያጠቡ ተደራራቢ ቁልፎች ስላሏቸው፣ የጥንቱን ቀበቶ ነፃነት በከፊል መልሰዋል።

ቀበቶ ስሕተትን በየማለዳው ያርም ነበር። ስፌት ልብሱን ቀላልና ያማረ አድርጎታል፤ ነገር ግን የማረሙን ሥራ ከለባሹ እጅ ወስዶ በሰፊው ላይ ጣለው። አንድን ነገር ከመታረም የሚያግድ ሰው፣ አስቀድሞ በትክክል የመለካትን ኃላፊነት አብሮ ይሸከማል። ደኅና የኪልት ሰፊ ሜትሩን ሁለትና ሦስት ጊዜ በወገብ ላይ የሚያዞረው ይህን ስለሚያውቅ ነው።