የፓርኪንሰን ሕመም መድኃኒት፦ ሰዓቱም የመድኃኒቱ አካል ነው

የፓርኪንሰን ሕመም ቀስ በቀስ እየጸና የሚሄድ የአንጎል ሕመም ነው። የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የጡንቻ መገተር፣ የእንቅስቃሴ መዘግየትና ሚዛንን መጠበቅ አለመቻል ዋና ዋና ምልክቶቹ ናቸው። እስካሁን ሕመሙን ፈጽሞ የሚያድን መድኃኒት አልተገኘም። ይሁን እንጂ ምልክቶቹን የሚያስታግሱና ታማሚውን ለብዙ ዓመታት ከሥራውና ከማኅበራዊ ሕይወቱ ሳይለይ የሚያቆዩ መድኃኒቶች አሉ። እነዚህ መድኃኒቶች ሰዓታቸው ሲዛባ ጥቅማቸው ይጎድላል፤ በድንገት ሲቋረጡ ደግሞ ለሕይወት የሚያሰጋ አደጋ ሊያስከትሉ ይችላሉ።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያመለክተው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 በዓለም ላይ ከ8 ነጥብ 5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖሩ ነበር። ሕመሙ ስያሜውን ያገኘው በ1817 ምልክቶቹን በዝርዝር ከጻፈው እንግሊዛዊ ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። ሐኪሙ የተወለደበት ዕለት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሚያዝያ 3 ቀን፣ የዓለም የፓርኪንሰን ቀን ሆኖ በየዓመቱ ይታሰባል።

መድኃኒቱ እንዴት ይሠራል?

በጤነኛ ሰው አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር ይመረታል። እጅና እግር እንደ ፈቃድ እንዲታዘዙ ከሚያደርጉት መካከል አንዱ ይህ ንጥረ ነገር ነው። በፓርኪንሰን ሕመም ዶፓሚን የሚያመነጩት ሕዋሳት እየሞቱ ስለሚሄዱ ሰውነት ይገተራል፣ እርምጃም ያጥራል።

ዶፓሚን በቀጥታ ቢሰጥ ከደም ወደ አንጎል አያልፍም። ስለዚህ ታማሚው የሚወስደው ወደ አንጎል ማለፍ የሚችለውንና እዚያ ሲደርስ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠውን ሌቮዶፓ ነው። በአብዛኛው ካርቢዶፓ ከተባለ ሌላ መድኃኒት ጋር በአንድ እንክብል ተቀላቅሎ ይዘጋጃል። የካርቢዶፓ ድርሻ ሌቮዶፓው አንጎል ሳይደርስ በመንገድ ላይ እንዳይለወጥ መጠበቅና ማቅለሽለሽን መቀነስ ነው።

ሌቮዶፓ በደም ውስጥ ብዙ አይቆይም። ከካርቢዶፓ ጋር ሲወሰድ እንኳ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ውስጥ መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል። በቀን ሦስት ጊዜና ከዚያም በላይ የሚታዘዘው በዚህ ምክንያት ነው። በሕመሙ የመጀመሪያ ዓመታት አንጎል ዶፓሚን የማጠራቀም አቅሙ ስላልተሟጠጠ የአንድ እንክብል መዘግየት ላይታወቅ ይችላል። ዓመታት እያለፉ ሲሄዱ ግን ይህ አቅም ይመናመናል፤ እንክብሉ ሲዘገይ ታማሚው ከመቀመጫው መነሳት፣ መጉረስ፣ አንዳንዴም መናገር ያቅተዋል። ይህ ስንፍና ወይም ግትርነት እንዳልሆነ ቤተሰብ ሊገነዘብ ይገባል።

ሰዓትን መጠበቅ

የእንግሊዝ የጤና መመሪያ፣ ሆስፒታል የተኛ የፓርኪንሰን ታማሚ ሌቮዶፓ ከታዘዘበት ሰዓት በ30 ደቂቃ ልዩነት ውስጥ እንዲሰጠው ያዛል። ይህ መለኪያ ለቤት ውስጥም ጥሩ መመሪያ ነው።

በሀገራችን ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው የሰዓት አቆጣጠር ልዩነት ነው። በመድኃኒት ማዘዣ ላይ ጠዋት 8፡00 ተብሎ በውጭው አቆጣጠር የተጻፈ በኢትዮጵያ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ማለት ነው። ይህንን እንደ ስምንት ሰዓት ያነበበ ታማሚ የጠዋቱን መድኃኒት ስድስት ሰዓት አዘግይቶ ይወስዳል። ስለዚህ ታማሚው ወይም አስታማሚው ከመድኃኒት ቤት ከመውጣቱ በፊት እያንዳንዱ ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲጻፍለት ሊጠይቅ ይገባል። ማንበብ ለማይችል ሰው የፀሐይ መውጫን፣ ቀትርን ወይም የታወቀ የሬዲዮ ዜና ሰዓትን ምልክት አድርጎ መስጠት ይረዳል። ስልክ ያለው ደግሞ ማንቂያውን ሊሞላ ይችላል።

ወደ እርሻ፣ ወደ ገበያ፣ ወደ ለቅሶ ወይም ወደ ሰርግ የሚሄድ ታማሚ የዕለቱን መድኃኒት ይዞ ይሂድ። አንድ ጊዜ ረስቶ ከሆነ እንዳስታወሰ ይውሰድ፤ የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ግን የተረሳውን ትቶ ቀጣዩን በሰዓቱ ይውሰድ። የተረሳውን ለማካካስ ሁለት እጥፍ መውሰድ አይገባም።

ምግብ፣ ባቄላና ጾም

ሌቮዶፓ ከአንጀት ወደ ደም፣ ከደምም ወደ አንጎል ሲያልፍ ከፕሮቲን ጋር ይሻማል። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮና ምስር በፕሮቲን የበለጸጉ ስለሆኑ መድኃኒቱ ከእነዚህ ጋር ሲወሰድ ሊዘገይ ወይም ሊዳከም ይችላል። በመሆኑም ከምግብ ግማሽ ሰዓት በፊት ወይም አንድ ሰዓት በኋላ በውኃ መውሰድ ይመረጣል። በጅማሬው የሚያቅለሸልሸው ሰው ጥቂት ደረቅ ዳቦ ወይም ቂጣ ቀምሶ ሊወስድ ይችላል። ፕሮቲን ለሰውነት አስፈላጊ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ መተው አይገባም፤ ዋናው ነገር ሰዓቱን ማለያየት ነው። የደም ማነስ መድኃኒት የሆነው የብረት እንክብልም የሌቮዶፓን ኃይል ስለሚቀንስ በሁለት ሰዓት ያህል ተራርቆ መወሰድ አለበት።

ባቄላ ግን ከሌሎቹ ጥራጥሬዎች የተለየ ነገር አለው። ሌቮዶፓ በተፈጥሮው በባቄላ ውስጥ ይገኛል፤ በ1913 በስዊዘርላንድ ንጥረ ነገሩ ተለይቶ የወጣውም ከባቄላ ነበር። በተለይ ለጋው ቆባውና እሸቱ ከደረቁ ፍሬ የበለጠ ይይዛሉ። ይህ ማለት ግን ባቄላ መድኃኒቱን ይተካል ማለት አይደለም። መጠኑ እንደ ዘሩ፣ እንደ መሬቱና እንደ ብስለቱ ይለያያል፤ ዛሬ የበዛው ነገ ሊያንስ ይችላል። በእሸት ወቅት ብዙ ባቄላ የበላ ታማሚ ከመጠን ያለፈ ያልታሰበ የሰውነት እንቅስቃሴ ወይም ማዞር ቢያጋጥመው መድኃኒቱን በራሱ ሥልጣን ከመቀነስ ይልቅ ለሐኪሙ ሊነግረው ይገባል።

ጾምም ምክክር ይፈልጋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ምእመን ወይም በረመዳን ከንጋት እስከ ፀሐይ መጥለቂያ የሚጾም ሙስሊም የቀኑን መድኃኒት ከዘለለ ሰውነቱ ለረጅም ሰዓታት ያለ ሌቮዶፓ ይቆያል። ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ቦታ ይሰጣሉ። ስለሆነም ጾሙ ከመግባቱ ሳምንታት አስቀድሞ ከሐኪሙና ከሃይማኖት አባቱ ጋር መነጋገር ተገቢ ነው። ጠበል የሚጠመቁ ታማሚዎችም መድኃኒታቸውን ማቆም የለባቸውም። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤችአይቪ ታማሚዎች ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ ማበረታታቸው ይታወሳል።

በድንገት ማቋረጥ ያለው አደጋ

ታማሚዎች መድኃኒት የሚያቋርጡባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ መሻል፣ የጎንዮሽ ጉዳት፣ የዋጋ መወደድ፣ የመድኃኒት መጥፋት፣ ወይም ለሌላ ሕመም ሆስፒታል መተኛት ሊሆን ይችላል። ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን ሌቮዶፓን በድንገት ማቆም አደገኛ ነው። ከፍተኛ ትኩሳት፣ እንደ እንጨት የደረቀ ሰውነት፣ የአእምሮ መቃወስና የልብ ምት መፍጠን ከታዩ ሕይወትን የሚያሰጋ ሁኔታ ስለሆነ በአስቸኳይ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ትኩሳቱን ወባ ነው ብሎ በቤት መጠበቅ ጊዜን ያሳጣል። ለሐኪሙም መድኃኒቱ መቼ እንደተቋረጠ በመጀመሪያ ሊነገረው ይገባል።

መድኃኒቱ መቀነስ ወይም መቆም ካለበት ሐኪሙ ደረጃ በደረጃ ይቀንሰዋል። ከከተማ ርቆ የሚኖር ሰው የመጨረሻዋን እንክብል እስኪጨርስ ከመጠበቅ ይልቅ የሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው መፈለግ ቢጀምር ይመረጣል።

በእንክብሉ ላይ የሚጻፈውን ቁጥር ማየትም ያስፈልጋል። 25/100 ማለት 25 ሚሊግራም ካርቢዶፓና 100 ሚሊግራም ሌቮዶፓ ማለት ነው። 25/250 ደግሞ 250 ሚሊግራም ሌቮዶፓ ይይዛል። አንዱ ጠፍቶ ሌላው ቢሰጥና ታማሚው እንደ ቀድሞው አንድ እንክብል ቢውጥ የሌቮዶፓው መጠን በሁለት ተኩል እጥፍ ይለወጣል። ስለዚህ ቀለሙ ወይም ቅርጹ የተለየ እንክብል ሲሰጥ ቁጥሩን ከቀድሞው ጋር ማመሳከርና መጠየቅ ይገባል። ቀስ እያለ እንዲሟሟ ተደርጎ የተዘጋጀውን እንክብል ደግሞ መፍጨትም ሆነ ማኘክ አይገባም።

አብረው የማይሄዱ መድኃኒቶች

አንዳንድ የተለመዱ መድኃኒቶች ዶፓሚን እንዳይሠራ ስለሚያግዱ ሕመሙን ያባብሳሉ። ለማስመለስ የሚሰጠው፣ ብዙዎች ፕላሲል በሚለው ስሙ የሚያውቁት ሜቶክሎፕራማይድ አንዱ ነው። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን፣ ለማዞር የሚሰጠው ሲናሪዚንም ከዚሁ ወገን ናቸው። ሴሌጂሊን ወይም ራሳጂሊን የሚወስድ ታማሚ ደግሞ ትራማዶልና ፔቲዲን ከተባሉት የሕመም ማስታገሻዎች፣ እንዲሁም ዴክስትሮሜቶርፋን ካለበት የሳል መድኃኒት ሊጠበቅ ይገባል።

ለመንቀጥቀጥ የሚታዘዘው ትራይሄክሲፌኒዲል በአረጋውያን ላይ የመርሳት፣ የመቃዠት፣ የሽንት መቋጠርና የሆድ ድርቀት ሊያመጣ ይችላል። ይህ ሲታይ እርጅና ነው ብሎ ከማለፍ ይልቅ ለሐኪም መናገር ያስፈልጋል።

ቤተሰብ ምን ይከታተል?

መድኃኒቶቹ የደም ግፊትን ዝቅ ስለሚያደርጉ ታማሚው ከመኝታው ሲነሳ መጀመሪያ ተቀምጦ፣ ጥቂት ቆይቶ ቢቆም ከመውደቅ ይድናል። ድንገተኛ እንቅልፍ የሚጥለው ሰው ተሽከርካሪ ማሽከርከር፣ መሰላል ወይም ዛፍ ላይ መውጣት የለበትም። ሽንት ወይም ላብ ጠቆር ቢል በሌቮዶፓ ምክንያት ሊሆን ስለሚችል ብቻውን የሚያስፈራ አይደለም። በሌላ በኩል የሌለ ነገር ማየት፣ እንዲሁም ከጠባዩ ውጭ በቁማር መጠመድ ወይም ገንዘብ ማባከን መድኃኒቱ ያመጣው ጠባይ ሊሆን ይችላል። ቤተሰብ በዚህ ከመቆጣት ይልቅ ታማሚውን ወደ ሐኪም ይዞ ሊሄድ ይገባል።

መድኃኒቱ ከምድጃ፣ ከፀሐይና ከእርጥበት ርቆ፣ ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ በራሱ ማሸጊያ ይቀመጥ። በአንዲት ወረቀት ላይ የመድኃኒቱ ስም፣ ቁጥሩ፣ የሚወሰድበት ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠርና ሊሰጡት የማይገቡ መድኃኒቶች ተጽፈው ከታማሚው ኪስ አይለዩ። ታማሚው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሲደርስ መናገር ቢያቅተው ያቺ ወረቀት ትናገርለታለች።